ከድሮ ብር የተሠሩ ትንንሽ የእጅ ሥራዎችን ባሕር ዳር ላይ መሰብሰብ ለምትፈልጉ

የአንገት መስቀል፣ ቀለበት፣ ጉትቻ፣ ወለባ፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ፣ የክታብ መያዣ... ከማርትሬዛ፣ ከምኒልክ ብር ወይም ከጃንሆይ ሽልንግ በእጅ የተሠሩ መዳፍ የማይሞሉ ነገሮች ማለቴ ነው፣ ባሕር ዳርና ዘጌ ላይ አሁንም ፈልጎ ለሚያይ ሰው ይገኛሉ። መሰብሰብ ለምትጀምሩ የኔ ምክር አንድ ነው፣ ትልቁን ወይም የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን የተሠራበት ሳንቲም ዱካው ያልጠፋበትን ግዙ። ምክንያቱም ቀልጦ የተሠራ ብር ከየት እንደመጣ አይናገርም፣ ሳንቲሙ የሚታይበት ግን ማን እንዳሠራው ባታውቁ እንኳን ከምን እንደተሠራ በአይናችሁ ታነቡታላችሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳንቲሞቹን እወቋቸው። ጠገራ ብር የምንለው ማርትሬዛ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ንፁህ ብሩ ከሺህ 833 ነው፣ አንድ ፊቱ ላይ የኦስትሪያዋ ንግሥት ሌላው ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። ቀኑ 1780 ይላል፣ በነሱ አቆጣጠር ማለት ነው፣ ግን በዚህ እንዳትሸወዱ ንግሥቲቷ ከሞተች በኋላም ያንኑ ቀን እያተሙ ከመቶ ዓመት በላይ ስላወጡት ቀኑን አይቶ ይሄ ጥንታዊ ነው የሚላችሁ ሰው ምንም አልነገራችሁም። የምኒልክ ብር ደሞ ፓሪስ ነው የተመታው፣ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ክብደቱ ሆን ተብሎ ከማርትሬዛ ጋር እኩል ተደርጎ፣ ከሱ በታች አላድ (ግማሹ)፣ ሩብ፣ ከዛም ትንሿ ግርሽ አለች። ከዚያ ሽልንግ የምንለው የጃንሆይ 50 ሳንቲም አለ፣ 1936 የሚል ያለበት፣ 7 ግራም ገደማ፣ እሱም ብር ነው። በ1937 አዲሱ ገንዘብ ሲመጣ ማርትሬዛ ከገበያ ወጣ፣ በየቤቱ የቀረው ብዙው አንጥረኛ ጋ ሄዶ ጌጥ ሆነ። ከዛ በፊትም ቢሆን አንጥረኛው ብሩን የሚያገኘው ከሳንቲም ነበር፣ አሠሪው ብሩን ይዞ ይመጣል፣ አንጥረኛው ያቀልጣል ወይም ይቀጠቅጣል፣ የእጁን ይቀበላል።

አሁን ዋናው ነገር ማየት ነው። ዕቃውን ወደ መስኮት ወስዳችሁ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አድርጉ፣ ከላይ ቀጥ ብሎ ከመታው ምንም አይታይም። ከማርትሬዛ የተቆረጠ መስቀል ከሆነ ፊቱ በሞረድ ተስተካክሎ ጌጥ ተቀርጾበታል፣ ጀርባውን ግን ብዙ ጊዜ አንጥረኛው አይለፋበትም፣ እዛ ላይ ነው የንስሩ ክንፍ ላባ ተደርድሮ፣ አንዳንዴም ከዳር የተቆረጠ የላቲን ፊደል ግማሹ ብቻ ቀርቶ የምታገኙት። የምኒልክ ከሆነ የአንበሳውን ጋማ ወይም የሰንደቁን እንጨት ፈልጉ፣ የግዕዝ ፊደል ከቀረ ደሞ በጣም ጥሩ ነው፣ «ሞዐ አንበሳ» ከሚለው ሁለት ፊደል ብትቀር እንኳን ለኔ ያቺ ዕቃ ከሙሉ የብር አምባር ትበልጣለች። የመስቀሉን ጫፍ ጫፍ ደሞ በጥፍራችሁ ዳስሱ፣ ማርትሬዛ ጠርዙ ላይ ጽሑፍ ስላለው ክንዱ የሳንቲሙ ዳር ድረስ የደረሰ እንደሆነ ሻካራ ነገር ይሰማችኋል። ሞባይላችሁ ካሜራው ደህና ከሆነ አጉሉት፣ ማጉያ መነጽር ካላችሁ የተሻለ።

ዱካ የሌለውስ? ክብደቱ ትንሽ ይናገራል። 27 እና 28 ግራም አካባቢ ከሆነ ከአንድ ሙሉ ብር፣ 14 አካባቢ ከሆነ ከግማሽ የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ ሲቀልጥና ሲሞረድ ትንሽ ስለሚጎድል ማለት ነው። ማረጋገጫ ግን አይደለም፣ ፍንጭ ብቻ።

ብር መሆኑን ለማወቅ ሰው ሁሉ ማግኔት ይዞ ይሄዳል፣ ማግኔት ከሳበው በቃ ተዉት፣ ግን ናስም ኒኬል የገባበት ነጭ ብረትም በማግኔት አይሳብም ስለዚህ እሱ ብቻውን አይበቃም። ቤት ስትገቡ በውሃ ሞክሩት። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋችኋል፣ የወርቅ ቤት ዓይነት። ዕቃውን ደረቁን መዝኑና ጻፉት፣ ከዛ ውሃ ያለበት ኩባያ ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ዜሮ አድርጉት፣ ዕቃውን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት ግን ታችና ጎን እንዳይነካ፣ አሁን ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ያዙ። የደረቁን ለዚህ ቁጥር አካፍሉት። ለምሳሌ መስቀሉ 12.20 መዝኖ ውሃ ውስጥ 1.20 ካሳየ 10.17 ይመጣል፣ የማርትሬዛ ብር 10.2 አካባቢ ስለሆነ ጥሩ ነው። 8.5 ምናምን ከመጣ ናስ ወይም ነጭ ብረት ነው፣ 9 አካባቢ መዳብ፣ ከ10.5 በላይ ከሄደ ደሞ ውስጡ እርሳስ ሳይኖር አይቀርም። ውስጡ ባዶ የሆነ እንደ ክታብ መያዣ ያለ ነገር ላይ ግን ይሄ አይሠራም፣ አየር ስለሚይዝ ቁጥሩ ይዛባል። በክር የተሰፋ ወይም ወረቀት ያለበትንም ውሃ አታስነኩት!

አንድ ነገር ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ፣ የጃንሆይ 25 ሳንቲም መዳብ ነው፣ መጀመሪያ ሲወጣ ክብ ነበር፣ በመጠን ከ50ው ጋር ስለሚቀራረብ ሰው ብር እየቀባ እንደ ሽልንግ ያሳልፈው ነበር፣ በዚህ ምክንያት ነው ኋላ ላይ ስሙኒ ዳር ዳሩ እንደ አበባ ቅጠል ሆኖ የወጣው። ዛሬም ብር የተቀባ የመዳብ ቀለበት እንደ ብር ይሸጣል። የቀለበቱን የውስጥ ዳር እዩ፣ ከጣት ጋር የሚፋተገው ቦታ ላይ ቅቡ ተልጦ ቀይ ይታያል።

የት ይገኛል ላላችሁ፣ ዘጌ ላይ ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በሚወስደው የጫካ መንገድ ግራና ቀኝ ዕቃ ዘርግተው የሚሸጡ አሉ፣ አብዛኛው ለቱሪስት የተሠራ አዲስ ነገር ነው፣ ከታች ካለው ጨርቅ ውስጥ ግን አሮጌ ነገር ሊኖር ይችላልና ጠይቁ። ከተማ ውስጥ ሐይቁ ዳር ያሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆችና ገበያው አለ። ስትጠይቁ «ስንት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ቁጭ በሉና «እትዬ፣ ይቺ የማን ነበረች? ከምን ብር ነው የተሠራችው?» በሉ፣ ብዙ ጊዜ «የአማቴ ነበረች፣ ከገጠር ነው ያመጣናት» ዓይነት መልስ ይመጣል፣ ያንን እዛው ሞባይላችሁ ላይ ጻፉት። ዋጋውን በግራም አስቡት፣ የዕለቱን የብር ዋጋ አይታችሁ የእጁን ጨምሩበት፣ ግን የሰውን እናት ጌጥ እንደ ቁርጥራጭ ብረት እያወረዱ መከራከር ደግ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ንዋይ ግን በፍጹም አትግዙ፣ የፈለገ ትንሽ ቢሆን። የጣና ገዳማት ዕቃ የገዳማቱ ነው፣ መሸጥ የለበትም። የካህን የእጅ መስቀል ወይም ጽሑፍ ያለበት ንዋየ ቅድሳት በድብቅ «ላሳይህ» የሚል ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ሂዱ። ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው፣ ውጭ አገር ላለ ዘመድ አሮጌ ዕቃ ልትልኩ ካሰባችሁም አስቀድማችሁ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ፣ ኤርፖርት ላይ ከመወረስ ይሻላል።

አዲስ ማሠራትም ይቻላል፣ እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው። አንጥረኛው ብሩን ስቦ ቀጭን ሽቦ አድርጎ እንደ ደንገል እያሰረ የጣት ርዝመት ያላት ታንኳ ሊሠራላችሁ ይችላል፣ አፍንጫዋ ቀና ያለች፣ የሐይቃችን ምልክት። ግን ለዚህ የምትሰጡት ብር የተበሳ፣ ፊቱ የጠፋ ማርትሬዛ ይሁን። የምኒልክን ብር፣ በተለይ ፊደሉ የሚነበበውን፣ እባካችሁ አታስቀልጡ፣ አላዱንም ሩቡንም።

አያያዙ ቀላል ነው። የሐይቁ እርጥበት ብርን ቶሎ ያጠቁራል፣ ጎማና የሱፍ ጨርቅም ድኝ ስላላቸው ያባብሱታል፣ ስለዚህ በታጠበና በደረቀ ያረጀ ነጠላ ቁራጭ ለየብቻ ጠቅልላችሁ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን የሲሊካ ጄል ከረጢት ጨምራችሁ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። በሎሚ፣ በአመድ፣ በአሸዋ አትፈትጉት፣ ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጥቁረት ጌጡን የሚያጎላው እሱ ነው፣ የቀረችውን የሳንቲም ፊደልም የምታነቡት በሱ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከማስመሪያ ጋር ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱ፣ ክብደቱን፣ የውሃውን ቁጥር፣ የሳንቲሙን ዓይነት፣ የት እንደተገዛና ሻጩ ምን እንዳለ በደብተር ጻፉ፣ ቁጥሩንም በትንሽ ወረቀት ከዕቃው ጋር እሰሩት፣ ዕቃው ላይ ግን ምንም አትጻፉ።