ሩዝ በወተት አልሆን ሲል

እህቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ ሁለት ስሎው ኩከር (በኤሌክትሪክ ቀስ እያለ የሚያበስል ድስት) ይዛ መጣች። አንዱን ኮምቦልቻ ለራሷ አስቀረች፣ አንዱን ደሴ ለእኔ ሰጠችኝ። መመሪያው ሩዝ በወተት በሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሳል ይላል። እኔ ቤት ደርሶ አያውቅም።

የምሠራው በ1 ኩባያ ሩዝ፣ በ6 ኩባያ ወተት፣ በግማሽ ኩባያ ስኳር፣ በአንድ ስንጥር ቀረፋና በቁንጥር ጨው ነው።

ሩዙ ጥሬ ጥሬ ሲል

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 ገደማ ይደርሳል። ሁለት ዲግሪ ምን አላት አትበሉ፤ በአንድ ዓይነት ሩዝ እህቴ በግማሽ ሰዓት ትቀድመኛለች። ስለዚህ ደሴ ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ያዙለት። ወተቱን ቀዝቃዛ አትጨምሩ፤ አፍልታችሁ በትኩሱ ገልብጡት። ስኳሩ ሩዙ ከለሰለሰ በኋላ ይግባ፣ ቀድሞ ከገባ ሩዙን ያዘገየዋል። ክዳኑንም በየደቂቃው አትክፈቱ። በመሀል አንዴ ማማሰል ይበቃል።

ወተቱ ሲቆራረጥ

ይሄ ነው ያናደደኝ። ክዳኑን ከፍቼ ማንኪያ ሳስገባ ከላይ አይብ፣ ከሥር አጓት። መጀመሪያ ዕቃውን ወቀስኩ። ጥፋቱ ግን የወተቱ ነበር፦ ጠዋት ታልቦ የመጣውን ሳላፈላ እስከ ከሰዓት አቆይቼዋለሁ። ሲሸት ምንም አይልም፣ ግን መኮምጠጥ ጀምሯል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ሁለት ማንኪያ ወተት በትንሽ ድስት አፍሉ። የሚቆራረጥ ከሆነ እዚያው ይቆራረጣል፣ ሩዙም ይተርፋል። ሎሚ የሚጨምር ሰውም አይቻለሁ፤ ይቅር። ዘቢብ ካስገባችሁም ወተቱን እንዳይቆራርጠው መጨረሻ ላይ ይግባ።

ቀጥኖ ሲዝረበረብ

ረጅምና ቀጭን ሩዝ ለፒላው እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ፍሬው ለየብቻው ይቀራል። አጠር ወፈር ያለውን ወይም ስብርባሪውን ፈልጉ። ስብርባሪ ሲባል ፊታችሁን አታጥቁሩ፣ ርካሽ ነው፣ ወተቱንም ደህና አድርጎ ያወፍራል። ለቅማችሁ አንዴ ብቻ አለቅልቁት። እኛ ቤት ሩዝ ውሃው እስኪጠራ ነው የሚታጠበው፤ ለዚህ ምግብ ግን የምናፈሰው ነጭ ውሃ ወተቱን የሚያወፍረው ነው። ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው ላብም ተመልሶ ይንጠባጠባል። በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ክዳኑን ትንሽ ገርበብ አድርጉት።

በማግስቱ ሲደርቅ

ያለ ነው፣ ሩዝ ሲቀዘቅዝ ይጠብቃል። ወፈር ያለ አጥሚት ሲመስል አጥፉት። ከደረቀም ትኩስ ወተት እየጨመራችሁ አማስሉት።

ዳርና ዳሩ ሲያርር

ዕቃውን ቀድማችሁ ቅቤ ቀቡት። ካረረ ደግሞ አትፋቁት፣ መሀሉን ብቻ አውጡ።

መብራት ሲጠፋ

አጠገቡ ካላችሁ ክዳኑን አትንኩ። ቶሎ ካልመጣ ወደ ድስት ገልብጣችሁ በከሰል ወይም በጋዝ ጨርሱት። ሌሊት ተኝታችሁ ከሆነና ስንት ሰዓት እንደጠፋ ካላወቃችሁ ድፉት። እህቴ «ደሴ ራሷ ፍሪጅ አይደለች እንዴ?» ትለኛለች። እኔ ግን ተከድኖ ለብ እንዳለ ያደረ ወተት ለልጅ አልሰጥም።