በቬትናም ከተሞች የት፣ መቼና ምን መብላት እንደሚሻል

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2025 ወደ ሃኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ ለንግድም ሆነ ለጉብኝት ወደ ቬትናም ለሚሄድ ኢትዮጵያዊ ጉዞው ቀሎለታል። እዚያ የደረሰ እንግዳ ሲርበው በአንድ ወገን ምልክታቸው ከሩቅ የሚለይ የአሜሪካ ፈጣን ምግብ ቤቶች ኬኤፍሲና ማክዶናልድስ ይጠብቁታል፤ በሌላው ወገን ደግሞ በእግረኛ መንገድ ላይ አጫጭር የፕላስቲክ በርጩማዎች ተደርድረው፣ ሰዉ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አጎንብሶ ሲበላ ያያል። ከሁለቱ ለመምረጥ አስቀድሞ የአገሬው ሰው ወደ እያንዳንዳቸው ለምን እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል።

ኬኤፍሲ ወደ ሆ ቺ ሚን ከተማ የገባው በፈረንጆቹ 1997 ሲሆን፣ የደቡብ ኮሪያው ሎቴሪያና የፊሊፒንሱ ጆሊቢም ገበያውን ተቀላቅለው በርካታ ቅርንጫፎች ከፍተዋል። ማክዶናልድስ ዘግይቶ በፈረንጆቹ 2014 የመጀመሪያውን ቅርንጫፉን ሲከፍት ረጅም ሰልፍ ታይቶ ነበር፤ በ10 ዓመት ውስጥ 100 ቅርንጫፎች እንደሚከፈቱም ታቅዶ ነበር። ዕቅዱ ግን ግማሹን እንኳ ሳይደርስ ጊዜው አለፈ። ምክንያቱን ለመረዳት ፎ የሚባለውን የሩዝ ኑድል በሥጋ መረቅ የሚሸጥ ሰው ሲሠራ ማየት ይበቃል፤ ደንበኛው ገና ሳይደላደል ምግቡ ፊቱ ይቀርባል፣ ዋጋውም በተራ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከ40,000 እስከ 70,000 ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ነው። በርገር፣ ድንችና ለስላሳ መጠጥ አንድ ላይ ሲታዘዙ ግን ሒሳቡ ከ100,000 ዶንግ ሊያልፍ ይችላል። ፈጣንና ርካሽ ምግብ በየጥጉ ለሞላበት አገር ፈጣን ምግብ መሸጥ ቀላል ንግድ አይደለም። ሰንሰለት ምግብ ቤቶቹም ይህን ስለተረዱ የተጠበሰ ዶሮ ከሩዝ ጋር ወደ ማቅረብ አዘንብለዋል፤ ማክዶናልድስ ራሱ አንድ ሰሞን የፎ ጣዕም ያለው በርገር እስከ መሸጥ ደርሷል።

ይህ ሲባል ቬትናማውያን ወደ እነዚህ ቤቶች አይሄዱም ማለት አይደለም። ወጣቶች ለመገናኘትና ለማጥናት፣ ወላጆች በእረፍት ቀን ልጆቻቸውን ለማስደሰትና ልደት ለማክበር፣ ሁሉም ደግሞ ከሚያቃጥለው ሙቀት ለማምለጥ ይሄዱባቸዋል። እርስዎም ለዚሁ ይጠቀሙባቸው። ቀዝቃዛ አየር፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ኢንተርኔትና በሥዕል የተደገፈ የምግብ ዝርዝር ሲያስፈልግዎ፣ ወይም አብሮዎት ያለ ልጅ አዲስ ምግብ አልቀምስም ሲል ወደዚያ መግባት ምንም ነውር የለበትም። ሲገቡ ዶሮና ሩዝ ይዘዙ፤ ከበርገሩ ይልቅ የአገሬው ደንበኛ የለመደው እሱን ነው።

ሆድ ለማጥገብና አገሩን ለመቅመስ ግን ወደ መንገድ ዳሩ መውረድ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሰዓት ማወቅ ይቀድማል። ፎ በዋነኛነት የቁርስ ምግብ ስለሆነ ብዙዎቹ ጥሩ ቤቶች ረፋድ ላይ ጨርሰው ይዘጋሉ። የተሰባበረ ሩዝ ከጥብስ ጋር የሚቀርብበት ኮም ታም የሆ ቺ ሚን ከተማ ሰው ጠዋትና ምሳ ሰዓት የሚበላው ነው። ቤት ሲመርጡ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ የሚሸጥበትን፣ ድስቱ ያለማቋረጥ የሚፈላበትንና የሰፈሩ ሰው የሚመላለስበትን ይምረጡ፤ ምግቡ ቶሎ ቶሎ በሚያልቅበት ቤት ያደረ ነገር የመብላት ዕድልዎ ትንሽ ነው። በረዶን በተመለከተ መሃሉ ክፍት የሆነው ቱቦ መሰል በረዶ በፋብሪካ የተመረተ ነው፤ በመዶሻ የተፈረካከሰውን ግን ቢተዉት ይሻላል።

ፎ ሲያዝዙ በመጀመሪያ የሚጠየቁት የሥጋውን ዓይነት ነው። ታይ የሚባለው በስሱ የተቆረጠ ጥሬ የበሬ ሥጋ ሲሆን፣ የሚፈላው መረቅ ሲፈስበት ከላዩ ግራጫ እየሆነ ውስጡ ቀይ እንደሆነ ይቀርባል፤ ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ኢትዮጵያዊ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም። በሚገባ የበሰለውን የሚፈልግ ቺን ይበል። መረቁ አጥንት ለሰዓታት ተቀቅሎ፣ እሳት ላይ በተለበለበ ዝንጅብልና ሽንኩርት፣ በቀረፋና በሌሎች ቅመሞች የሚዘጋጅ ስለሆነ ምንም ሳይጨምሩበት መጀመሪያ በማንኪያ ይቅመሱት። ከዚያ በኋላ ሆ ቺ ሚን ከተማ ባለችበት በደቡቡ ክፍል የቅጠል ሳህን ይቀርብልዎታል፤ በውስጡ የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቅጠል፣ የባቄላ ቡቃያ፣ ሎሚና ቃሪያ ያገኛሉ። ቅጠሉን በእጅዎ በጥሰው ወደ መረቁ ይጨምሩ፣ ቃሪያውን ጥቂት ጥቂት ያድርጉ፤ በርበሬ ለምጃለሁ ብሎ መድፈር አያዋጣም። ሃኖይ ውስጥ ይህ የቅጠል ሳህን አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም፤ ሰዉ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት ኮምጣጤና ቃሪያ ብቻ ጨምሮ ይበላል፣ እንደ እኔ አስተያየት መረቁ ጎልቶ የሚሰማውም በዚህ መንገድ ነው።

የቸኮለ ሰው ባን ሚ ይግዛ። ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን የተወረሰው ይህ ረጅም ዳቦ ተሰንጥቆ ሥጋ፣ ኪያር፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ካሮትና የድንብላል ቅጠል ይገባበታል፤ በብዙ ቦታ ከ20,000 እስከ 30,000 ዶንግ ስለሚሸጥ የበርገር እውነተኛ ተፎካካሪ እሱ ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ የሚቀባው ጉበት ዘወትር የአሳማ በመሆኑ ለኦርቶዶክስም ሆነ ለሙስሊም አንባቢ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እንቁላል ብቻ እንዲገባበት፣ ምንም ነገርም እንዳይቀባበት ይጠይቁ። የአሳማ ሥጋ በኮም ታምና ቡን ቻ በሚባለው የሃኖይ የተጠበሰ ሥጋና የሩዝ ኑድል ምግብም ዋናው ነገር ስለሆነ፣ "የአሳማ ሥጋ አልበላም" የሚለውን በቬትናምኛ አስተርጉመው ስልክዎ ላይ ይያዙና ያሳዩ፤ ቋንቋው በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉሙ የሚለወጥ ስለሆነ በቃል መሞከር ብቻውን አያስተማምንም። የሐላል ምስክር ወረቀት የሚፈልግ ሰው ምልክቱን በምግብ ቤቱ ይፈልግ እንጂ የበሬ ሥጋ መሆኑን ብቻ ማረጋገጥ አይበቃውም።

የጾም ጊዜ ያጋጠመው መንገደኛ ከሚገምተው በላይ ይቀናዋል። በቡድሃ እምነት ልማድ በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ብዙ ሰው ከሥጋ ስለሚታቀብ፣ በሃኖይም በሆ ቺ ሚን ከተማም ቻይ የሚባሉ ከሥጋ ነጻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ በእነዚያ ቀናት ሌሎች ሻጮችም ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቶፉና የእንጉዳይ ምግብ ያዘጋጃሉ። በቻይ ቤቶች ከዓሣ የሚሠራው ኑኦክ ማም የሚባል ማጣፈጫ በአኩሪ አተር ሶስ ይተካል። በሌላ ቤት የታዘዘ የአትክልት ምግብ ግን ይህ የዓሣ ማጣፈጫ ሊኖርበት ስለሚችል፣ እንቁላልና ወተትም በአንዳንድ የቻይ ምግብ ስለማይቀሩ ሁሉንም ለይቶ መጠየቅ ይገባል።

አስተናጋጅን ሲጠሩ እንደ አገራችን በዝምድና ስም መጥራት ወግ ነው፤ በዕድሜ ከፍ ያለችን ሴት "ቺ ኧይ"፣ ወንዱን "አኝ ኧይ" ብለው ድምፅዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉ። ዋጋው ሰሌዳ ላይ ካልተጻፈ ከመቀመጥዎ በፊት ይጠይቁ። ብዙ መንገድ ዳር ቤቶች ካርድ ስለማይቀበሉ ዝርዝር ዶንግ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሲከፍሉም 20,000ው እና 500,000ው ኖት ሁለቱም ሰማያዊ ስለሆኑ፣ በተለይ በምሽት ዜሮዎቹን ቆጥረው ይስጡ።