በሐረጎ ቁልቁለት የተሽከርካሪን ኃይልና ሽምጠጣ እንዴት ማስላት ይቻላል

ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ መኪና ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ለመረዳት ይህ መንገድ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ሕጉ የተጣራ ኃይል ማለት መጠነ ቁስ ሲባዛ በሽምጠጣ ነው ይላል። ሽምጠጣ፣ ተማሪዎች አክስለሬሽን የሚሉት፣ ፍጥነት በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ይነግረናል።

መጀመሪያ ፍጥነቱን ይለኩ። ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው (ራስዎ እየነዱ ፈጽሞ አይሞክሩት) ቆጣሪውን እያዩ በስልክ ሰዓት ይያዙ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ መኪናው ከ18 ወደ 54 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 8 ሰከንድ ፈጀበት እንበል።

ወደ ሜትር በሰከንድ ይለውጡ። ለ3.6 ያካፍሉ። 18ቱ 5 ይሆናል፣ 54ቱ 15። ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ኪሎ ሜትር በሰዓትን እንዳለ ቀመር ውስጥ ካስገቡ መልሱ በ3.6 እጥፍ ይበዛል።

ሽምጠጣውንና ኃይሉን ያስሉ። የፍጥነት ለውጡ 10 ስለሆነ ለ8 ሰከንድ ሲካፈል 1.25 ሜ/ሰ² ይመጣል። መኪናው ከነተሳፋሪው 3,000 ኪሎ ግራም ከሆነ የተጣራው ኃይል 3,750 ኒውተን ነው። ጎማዎቹ መንገዱ ላይ የሚገፉት ግን ከዚህ ይበልጣል። የጎማና የአየር ተቃውሞ ተደምሮ 600 ኒውተን ቢሆን ሞተሩ በጎማ በኩል 4,350 ኒውተን መስጠት አለበት። "መኪናው በአንድ ፍጥነት እየሄደ ኃይል የለውም ማለት ነው?" የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ኃይሎች አሉ፤ ግፊትና ተቃውሞ እኩል ስለሆኑ ግን የተጣራው ዜሮ ነው።

አሁን ቁልቁለቱን ያስገቡ። በ100 ሜትር 8 ሜትር የሚወርድ ቁራጭ መንገድ እንውሰድ። የስበት ኃይል መኪናውን ወደታች የሚስብበት መጠን፦ 3,000 × 9.8 × 0.08 = 2,352 ኒውተን። ማርሽ ቢወጣና ፍሬን ባይያዝ፣ ከ600 ኒውተን ተቃውሞ በኋላ 1,752 ይቀራል። ለ3,000 ሲካፈል 0.58 ሜ/ሰ² ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከቆመበት በ20 ሰከንድ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ያደርሰዋል።

ተቃውሞውን ትተን ስበቱን ብቻ ብናሰላ የሚኒባሱ ሽምጠጣ 9.8 × 0.08 = 0.78 ሜ/ሰ² ነው፤ የከባዱ ሲኖትራክም ያው 0.78 ነው። መጠነ ቁሱ በኃይሉም ውስጥ በአካፋዩም ስላለ ይሰረዛል። ታዲያ ጭነት የያዘ መኪና በቁልቁለት ለምን ይበልጥ ያስፈራል? ልዩነቱ ያለው ፍሬኑ ውስጥ ነው። 20,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና 600 ሜትር ሲወርድ 20,000 × 9.8 × 600 = 117.6 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይለቃል። ይህ 350 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስከ መፍላት የሚያደርስ ሙቀት ነው። ጎማና አየር የተወሰነውን ይወስዳሉ፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ የፍሬን ሸራውና ታምቡሩ መቀበል አለባቸው። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል ሰበቃው ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይያዝም። ሹፌሮች "ፍሬን እምቢ አለ" የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ነው።

የመቆሚያ ርቀቱን ያውጡ። ፍጥነቱን በራሱ አባዝተው ለፍሬኑ ሽምጠጣ እጥፍ ያካፍሉ። በ54 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ደረቅ ሜዳ ላይ ፍሬኑ 5 ሜ/ሰ² ከቀነሰ 225 ÷ 10 = 22.5 ሜትር። በዚያው ቁልቁለት ስበቱ 0.78 ስለሚቀንስበት 26.7 ሜትር ይሆናል። ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ቢረጥብና ፍሬኑ 3.5 ብቻ ቢሰጥ ወደ 41 ሜትር ያድጋል። ሹፌሩ አይቶ እግሩን እስኪያነሳ ያለፈው አንድ ሰከንድ ደግሞ 15 ሜትር ይጨምርበታል። ፍጥነቱ በራሱ ስለሚባዛ 54ቱ ወደ 72 ሲያድግ የሜዳው ርቀት ከ22.5 ወደ 40 ይዘላል።

ሙቀቱን ለሞተሩ ያካፍሉ። ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ ሲሞከር ማርሹ ላይገባ ይችላል። ፍሬኑም ያለማቋረጥ አይረገጥም፤ ጠንከር ብሎ ተይዞ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይለቀቃል፣ ሸራውም በመሃል አየር ያገኛል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መውረድ ከ117.6 ሚሊዮኑ ጁል ሞተሩ ይወስድ የነበረውን ድርሻ ነጥቆ ወደ ፍሬኑ መጣል ነው። ታች ተደርሶ ጎማው አካባቢ የቃጠሎ ሽታ ካለ መኪናውን አቁሞ በአየር እንዲበርድ መተው ነው። የጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ብረቱ በድንገት ተኮማትሮ ሊሰነጠቅ ይችላል።