ለጃዝ መድረክ ልብስ ሲሰፋ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የጃዝ ምሽት የሚያዘጋጁ ወጣቶች ወደ ስፌት ቤቴ ሲመጡ በስልካቸው የሚያሳዩኝ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ለሴቷ ዘርፍ የተንዠረገገበት አጭር ቀሚስ ከነግንባር ላባው፣ ለወንዱ ደግሞ ባለ ነጭ መስመር ጥቁር ሱፍ። እኔ ግን ሜትሬን ከማንሣቴ በፊት የየትኛውን ዘመን ሙዚቃ እንደሚጫወቱ እጠይቃለሁ። ወገቡ ወደ ዳሌ የወረደው ቀሚስ እ.ኤ.አ. የ1920ዎቹ ልብስ ስለሆነ፣ የ1950ዎቹን የአሜሪካዊውን ጥሩምባ ነፊ የማይልስ ዴቪስን ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ ለብሶት ሲወጣ ጆሮና ዓይን ይጣላሉ። ማይልስ በዚያ ዘመን ይለብስ የነበረው የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎችን አለባበስ የተከተለ፣ ትከሻው ያልተሞላ ቀጠን ያለ ኮትና ኮሌታው በቁልፍ የሚያዝ ሸሚዝ ነበር።

ከሁሉ አብዝቶ የሚያሳዝነኝ ግን ዙት ሱትን እንደ ማሳቂያ ልብስ ማዘዝ ነው። ኮቱ እስከ ጉልበት የሚወርደው፣ ትከሻው የተሞላው፣ ሱሪው ከወገብ በላይ ጀምሮ ጉልበት ላይ ሰፍቶ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠበው ይህ ልብስ እንደ ካብ ካሎዌይ ባሉ የመድረክ ሰዎች ገነነ፤ በየዳንስ አዳራሹ ሲለብሱት የነበሩት በአብዛኛው ጥቁሮችና የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ መንግሥት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ለልብስ የሚውለውን የሱፍ ጨርቅ ሲገድብ፣ ያን ያህል ጨርቅ የሚፈጅ ኮት መልበስ አገርን እንደ መካድ ይታይ ጀመር። በጁን 1943 በሎስ አንጀለስ መርከበኞችና ወታደሮች እነዚህን ወጣቶች ከትራምና ከሲኒማ ቤት እየጎተቱ ደበደቧቸው፤ ልብሳቸውንም አስወልቀው ቀደዱት፤ ፖሊስ ያሰረውም ይበልጡን ተደብዳቢዎቹን ነበር። ይህን እያወቅሁ አንድ አዘጋጅ «ትከሻውን አጋንንልን፣ ሰው ይሳቅ» ሲለኝ ሥራውን አልተቀበልኩም። ልብሱን ከልቡ ለሚፈልገው ግን በደስታ እሰፋለታለሁ፤ ትከሻው የቱንም ያህል ቢሰፋ ኮቱ ወገብ ላይ መሰብሰብ አለበት፣ ያለዚያ ለባሹን የታላቅ ወንድሙን ኮት የተዋሰ ልጅ ያስመስለዋል።

የብብት አቆራረጥ ስህተት የእኔም ነበር። ለአንድ ሳክስፎን ተጫዋች ክንዱ እንዲፈታ በማለት ብብቱን ዝቅ አድርጌ አስፍቼ ቆረጥኩለት። ሲለካው ቆሞ አማረበት፤ መድረክ ላይ ግን ሳክስፎኑን ባነሣ ቁጥር ኮቱ በሙሉ አብሮት እየተነሣ ኮሌታው ከአንገቱ ይለይ ስለነበር፣ ምሽቱን ሙሉ በየዘፈኑ መሀል ኮቱን ወደ ታች ሲጎትት ተመለከትኩ። ክንድ የሚፈታው ብብቱ ከፍ ብሎ ወደ ሰውነት ሲቀርብና ስፋቱ ለእጅጌው ሲተውለት ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን ይዞ ያልመጣ ሙዚቀኛ አልለካም፤ የሳክስፎኑ ማንጠልጠያ ኮሌታውን የት እንደሚጫነው፣ የትኛው የኮት ቁልፍ መሣሪያውን እንደሚጭረው የሚታወቀው ያኔ ብቻ ነው።

የከበሮ ተጫዋች ሱሪ እግሩ ላይ ከሰፋ ከፔዳሉ ጋር ይያያዛል። ባርኔጣን በተመለከተም፣ የሳክስፎን ተጫዋቹ የሌስተር ያንግ አናቱ ጠፍጣፋ ባርኔጣና የጥሩምባ ነፊው የዲዚ ጊሌስፒ ቤሬ (ጠርዝ የሌለው ለስላሳ ክብ ቆብ) እያንዳንዳቸው የሰውየው መለያ ስለነበሩ፣ ለባንዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ባርኔጣ መግዛት ትርጉሙን ያጠፋዋል።

የኢትዮ ጃዝ ባንዶች ደግሞ ጥለት ገዝተው መጥተው በሱፍ ኮት ኮሌታ ላይ እንዲሁ እንድለጥፍላቸው ይጠይቁኛል። ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ያዋሐደው የሁለቱንም ጠባይ አጥንቶ ነው፤ ጨርቅም እንደዚያው ነው። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፣ ሱፉ ግን በዚያ ልክ አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ሳይነከር የተሰፋ ጥለት ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ኮሌታውን ያሸበሽበዋል። ጥለቱን አስቀድሜ ነክሬ፣ ጥላ ላይ አድርቄና ተኩሼ፣ ከሥሩ ስስ ገበር አድርጌ በእጅ መርፌ እይዘዋለሁ። ቀይ ጥለት ቀለሙን ይለቅ እንደሆነም የማየው በዚያው በመጀመሪያው ውሃ ነው፤ የለቀቀውን ለነጭ ሸሚዝ ለባሽ አልሰፋም።