ኤትኒክ ስተዲስ፦ ማስተርስ ወይስ ፒኤችዲ?

አሜሪካ ውስጥ ኤትኒክ ስተዲስ (የዘር፣ የብሔረሰብና የማንነት ጥናት) ለመማር ካሰባችሁ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም ለጊዜው ተዉትና የመምህራኑን ዝርዝር ክፈቱ። ልትጽፉበት በፈለጋችሁት ጉዳይ፣ ለምሳሌ በሐበሻ ስደተኞች ላይ፣ ሊያማክራችሁ የሚችል ቢያንስ ሁለት ሰው ከሌለ እለፉት (አንዱ መልቀቁ አይቀርም፣ ያውም እናንተ በገባችሁ ማግስት)። ሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የጀመረው የተማሪዎች አድማ ያስገኘው ራሱን የቻለ ኮሌጅ አለው፤ እዚያ የምታገኙት ግን ማስተርስ ነው። ፒኤችዲ ከሆነ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን የበርክሌይና የሳን ዲዬጎ ካምፓሶች እዩ። በርክሌይ የአፍሪካ ዲያስፖራ ጥናት ፒኤችዲ ያለው ሌላ ዲፓርትመንት ውስጥ ስለሆነ የማመልከቻ ቅጹ ላይ እንዳትሳሳቱ።

ገንዘቡን ሳታፍሩ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው ስንት ዓመት ይከፍልላችኋል? በሰመር ወራትስ? ኢንሹራንስስ? ማስተርስ ብዙውን ጊዜ ከኪስ ነው። ከዚያ አሁን እዚያ ለሚማር ተማሪ ኢሜይል ላኩና “አማካሪህ የጻፍከውን አንብቦ በስንት ጊዜ ይመልስልሃል?” በሉት።