ነጠላዋ አምሯል፣ ፊቷ የታለ?

አክስቴን ቡና ስታፈላ ያነሳኋት የመጀመሪያ ፎቶ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ረፋድ ላይ ነው፤ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ወተት መስሏል። የጥለቱ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፎቶውን ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችውና "ነጠላዬስ አምሯል። እኔ የታለሁ?" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ነጠላው ሥር የነበረው ጥላ ብቻ ነው፣ ፊት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ሰው ፊት አንስቻለሁ፣ ሌሎች ያነሱትንም እያየሁ ነው። ፖርትሬት፣ ማለትም የሰው ፊት ፎቶ፣ ላይ የምንሳሳተው ነገር በጣም ይመሳሰላል።

ካሜራው ነጠላውን እንዲለካ መተው

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ በመሠረቱ ነጭ ልብስና ጠይም ፊት ለይቶ አያውቅም። የቀረበለትን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይለካል። ነጠላ ወይም ጋቢ ፍሬሙን ከሞላው ብርሃኑ የበዛ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ፎቶውን ያጨልመዋል። ነጠላው ይተርፋል፣ ፊት ይጠፋል።

ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን፣ ወደ +1 ከፍ ብናደርግስ? ፊቱ ይወጣል፤ ፀሐይ ላይ ከሆነ ግን ነጠላው ይቃጠላል። ፈትሉ አይታይም፣ የተቃጠለ ነጭ ደግሞ በምንም ኤዲት አይመለስም። ስለዚህ ቅንብሩን ከመንካታችሁ በፊት ሰውየውን ቦታ አስቀይሩት። ፀሐይ ላይ ነጠላው ሙሉውን ብርሃን ይወስዳል፣ ፊት ደግሞ በነጠላው ጥላ ውስጥ ይደበቃል። ደጃፍ ላይ፣ ከጣሪያው ጥላ ሥር ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ቢቀመጥ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ብርሃን ያገኛሉ። ከዚያ በስፖት ሜትር፣ አንዲት ነጥብ ብቻ በሚለካው የካሜራው ቅንብር፣ ጉንጩ ላይ ለኩ። ፊቱ ጠቆር ያለ ከሆነ ከለካችሁት ላይ ከግማሽ እስከ 1 ስቶፕ ቀንሱ (1 ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)። አለበለዚያ ካሜራው እሱንም ግራጫ ሊያደርግ ሲል ያነጣዋል። ፋይሉ ሮው (RAW)፣ ማለትም ካሜራው ያልጨመቀው ጥሬ ፋይል ይሁን።

ችግሩ በዲጂታል አልጀመረም። ለብዙ አሥርት ዓመታት የቀለም ፎቶ የሚያትሙ ላቦራቶሪዎች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት የፊልም አምራቹ ኮዳክ በሚልክላቸው የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ሸርሊ ካርድ ይሉታል። የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው ተሳካ ማለት ነው። የድሮ አልበም ስትገልጡ ጥርስና ዓይን ብቻ የቀረበት ፊት ካገኛችሁ፣ ጥፋቱ ሁሉ የፎቶ አንሺው አይደለም። ዛሬ ግን መለኪያው እጃችን ላይ ነው።

የቀትር ፀሐይና ሰማያዊ ሸራ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች፣ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ አንሱ። ማታ ደግሞ አትዘናጉ፤ እኛ ጋ ሲመሽ ቶሎ ነው።

ጥላ ፍለጋ ሰማያዊ ሸራ ሥር የሚገባም አለ። በሸራው አልፎ የሚመጣው ብርሃን ሰማያዊ ነው፣ ጠይም ቆዳ ላይ ሲያርፍ የታመመ ያስመስላል። አረንጓዴ የተቀባ ቆርቆሮ አጥርም እንደዚያው፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ጉንጩ አረንጓዴ ይሆናል።

ወዙን መጥረግ

ፊቱ እንዳያብረቀርቅ ብለው ፓውደር የሚደራርቡ አሉ። እኔ አልስማማም። ጠይምና ጥቁር ፊት ላይ ቅርጹን የሚያሳየው ጥላው ብቻ አይደለም፣ ወዙም ነው። ከአንድ ትልቅ መስኮት በጎን የሚመጣ ብርሃን ጉንጭ ላይ፣ አፍንጫ ላይ፣ ግንባር ላይ ያርፋል። ፊቱ የሚቀረጸው በዚያ ነው። ከፊት ለፊት የሚወረወር ፍላሽ ግን ሁሉንም ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

ሰላም ሳይሉ ካሜራ ማውጣት

ካሜራ ሲያይ የማይደነግጥ ሰው ጥቂት ነው። ትከሻ ይወጣል፣ ከንፈር ይጠብቃል። አክስቴን ሁለተኛ ጊዜ ሳነሳት ካሜራውን አጠገቤ አስቀምጬ አቦሉን ጠጣሁ። ቶናውንም ጠጣሁ። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዘይት ዋጋ አወራን። በረካው ሲቀዳ እሷ ካሜራውን ረስታዋለች። ጭሱ ወደ መስኮቱ ሲሄድ ቀና ብላ አየችው። የአገጯ ሥር ንቅሳት ሳይቀር ወጣ። ያነሳሁት ሦስት ፎቶ ነው፣ ሁለቱ ዓይኗን ጨፍናለች። አንዱ በቃኝ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፤ "ከ400 አንዱ ያምራል" ብሎ ያለማቋረጥ ማንሳት። ማሊያዊው ፎቶ አንሺ ሴዱ ኬይታ ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮውን የከፈተው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ፊልም ውድ ስለነበር ብዙ ጊዜ ለአንድ ደንበኛ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያነሳው። ስለዚህ የደንበኛውን እጅ፣ አንገት፣ የልብሱን አጣጣል አስተካክሎ ይጨርስና ነው ቁልፉን የሚጫነው። መጋረጃው የራሱ የአልጋ ልብስ የነበረበት ጊዜ አለ። ያነሳቸው ሰዎች ዛሬም ቀጥ ብለው ያዩናል።

የሌላ ሰው ስልት መልበስ

ኢትዮጵያዊቷን ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህን የማይወድ ወጣት ፎቶ አንሺ አላውቅም። በ2018 እ.ኤ.አ. ዳሎል ላይ የሠራቻቸውን ያየ ሰው ያን ቀይና ያን ሰማያዊ አይረሳም። ግን ሞዴልን ነጭ ቀብቶ፣ ቀይ ልብስ አልብሶ፣ ሜዳ ላይ ማቆም ብቻውን ሥራ አይሆንም። እሷ በጋዜጣ ፎቶ አንሺነት ሠርታለች፣ የፊት ቀለሙንም ከአፍሪካ ባህላዊ የገላ ቅብ ነው የቀዳችው። ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት "ይሄ ቀለም እኛ ቤት የት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። የእናታችሁ መጋረጃ ሊሆን ይችላል። የሰፈራችሁ ሱቅ በር ሊሆን ይችላል።

ቆዳ ማለስለስ፣ ቆዳ ማንጣት

ይሄ ያናድደኛል። የአንዲት እናት ግንባር ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት የስልክ ፊልተር እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ሲያደበዝዘው አይቻለሁ። ፎቶ አንሺው አላስተዋለም። እሷ ግን አስተዋለች። የዛሬ ብጉር ይጥፋ፣ ነገ የለም። ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ የግንባር መስመር ግን የሰውየው ነው። የቆዳውን ቀለም በአንድ ደረጃ ማንጣትማ ሌላ ሰው መሥራት ነው።

ስክሪን ላይ ብቻ ማየት

ስክሪን ከውስጥ ያበራል፣ ወረቀት አያበራም። ስልክ ላይ የሚያምር ጠይም ፊት ሲታተም ይጠቁራል። ስለዚህ መጀመሪያ በትንሹ፣ በፖስትካርድ መጠን አሳትማችሁ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ እዩት። ከጨለመ ሙሉውን ፎቶ ሳይሆን የፊቱን ብርሃን ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት። ልክ ሲመጣ ትልቁን አሳትሙ፣ ሁለት ቅጂ። አንዱን ለተነሳው ሰው ቤቱ ድረስ ውሰዱለት።