ጨዋታው አልነሳ ሲል ጨዋታውን አትውቀሱ

የእህቴ ልጅ ሲደውል ሰላምታ አያስረዝምም። «ጋሼ፣ አልነሳ አለ» ይላል። ምኑ እንደሆነ መጠየቅ ትቻለሁ፤ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ሲያበቃ፣ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ስለማያሟላ በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሲስተም ጫንኩለት። እኔ ራሴ ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ያህል ሊኑክስ ላይ ስጫወት ቆይቻለሁ። በነዚህ ዓመታት ጨዋታው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከበታቹ ነው፦ ድራይቨሩ (ሲስተሙ ግራፊክስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ጋ ወይም ዲስኩ ጋ። ስለዚህ ፍተሻውን ከታች ወደ ላይ ጀምሩ።

ከዚያ በፊት ግን የምትጫወቱት ምን እንደሆነ ለዩ። ቫሎራንት እና ፎርትናይት ሊኑክስ ላይ አይሠሩም። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ይሠራ ነበር፤ በ2024 ቫንጋርድ የተባለው ፀረ ማጭበርበሪያ ሲገባበት ቀረ። ቫንጋርድ የሚቀመጠው በዊንዶውስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ኢዚ አንቲቺት እና ባትልአይ የተባሉት ሌሎቹ ከ2021 ጀምሮ ሊኑክስን ይደግፋሉ፤ ነገር ግን የጨዋታው ባለቤት ካልፈቀደ ምንም አይፈይዱም። ኤፔክስ ሌጀንድስ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ በ2024 በሠሪው ኩባንያ ውሳኔ ተዘጋ። እነዚህ ላይ ሌሊት አታንጉ፤ ከእናንተ በኩል የሚስተካከል ነገር የለም። በአንጻሩ ዶታ 2 እና ካውንተር ስትራይክ 2 ለሊኑክስ በቀጥታ የተዘጋጁ ናቸው። ለሌላው ሁሉ ፕሮቶንዲቢ የተባለውን ድረ ገጽ ተመልከቱ፤ ተጫዋቾች ልምዳቸውን ይጽፉበታል፤ ከጻፉትም ለየጨዋታው ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብር ወይም ነሐስ ይወጣለታል። እኔ ሜዳሊያውን ብዙም አላየውም። የማየው አስተያየቱ የተጻፈበትን ቀንና የጸሐፊውን ግራፊክስ ካርድ ነው። የሦስት ዓመት ወርቅ ከትናንት ነሐስ አይሻልም።

አሁን ወደ ድራይቨሩ። ካርዳችሁ የኤኤምዲ ወይም የኢንቴል ከሆነ ድራይቨሩ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሲስተሙን ማሻሻል ብቻ ይበቃል። የኤንቪዲያ ካርድ ያላችሁ ድራይቨሩን ለብቻው መጫን ይኖርባችኋል። ስትጭኑም ከሊኑክሳችሁ የራሱ ድራይቨር ማስተዳደሪያ ይሁን እንጂ ከኩባንያው ገጽ የወረደ ፋይል አይሁን። የወረደው ለዛሬ ይሠራል፤ ከርነሉ በተሻሻለ ማግስት ግን ጥቁር ስክሪን ይዛችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ።

እኔ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። የኤንቪዲያውን ድራይቨር ስጭን መሃል ላይ የይለፍ ቃል አውጣ አለኝ። ለምን እንደፈለገው ሳላነብ ሞልቼ አለፍኩ። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን መጣና ቁልፍ እንድጫን ሰከንድ መቁጠር ጀመረ። እኔ ወንበር እየሳብኩ ነበር፤ ቀና ስል ቆጠራው አልቆ ሲስተሙ እየገባ ነው። ሁሉም ነገር ደህና መሰለ። ጨዋታውን ስከፍት ግን ማውጫው ለመምጣት ደቂቃ ፈጀ፤ የማውሱ ቀስት እጄን እየዘገየ ይከተለኛል። ጨዋታውን ሰድቤ አጠፋሁት፤ 60 ጊጋባይት እንደገና አወረድኩ። ያው ነው። በሦስተኛው ቀን የሲስተሙን ቅንብር ከፍቼ «ስለ ኮምፒውተሩ» የሚለውን ገጽ ሳይ፣ የካርዴ ስም መኖር በነበረበት መስመር ላይ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ቃል ተቀምጧል።

ይህን ቃል ያያችሁ ዕለት ፍለጋውን አቁሙ። ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ እያንዳንዷን ነጥብ የሚስለው ፕሮሰሰሩ ነው ማለት ነው። ምክንያቱም ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚጠብቀው ቅንብር) ሲበራ ያልተፈረመበት ድራይቨር ከርነል ውስጥ አይገባም። ያ ሰማያዊ ስክሪን የፈለገው የድራይቨሩን ፊርማ እንዳጸድቅለት ነበር። መፍትሔው ድራይቨሩን እንደገና መጫን፣ ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ ወዲያው ቁልፍ መንካት፣ «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን መምረጥና ያወጣችሁትን የይለፍ ቃል መስጠት ነው። በዚያ ስክሪን ላይ ኪቦርዱ በአሜሪካ አቀማመጥ ስለሚሠራ የይለፍ ቃሉን ቁጥር ብቻ ብታደርጉት ከብዙ መደናበር ትድናላችሁ። ሴኪዩር ቡትን ጭራሽ ማጥፋትም ይቻላል፤ እኔ ግን ሌላ መንገድ እያለ አላደርገውም።

ላፕቶፕ ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር እዩ። ብዙዎቹ ሁለት ካርድ አላቸው፤ ደካማው ባትሪ ለመቆጠብ፣ ጠንካራው ለከባድ ሥራ። ጨዋታው በደካማው ላይ ከተነሳ ይንቀረፈፋል። ግኖም የተባለውን ገጽታ የምትጠቀሙ ከሆነ የስቲምን (ጨዋታ የሚገዛበትና የሚነሳበት ፕሮግራም) ምልክት በቀኝ ጠቅታ ከፍታችሁ በጠንካራው ካርድ አስነሱት።

ቀጥሎ ዲስኩ። ከዊንዶውስ የመጣ ሰው ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ነው፦ ጨዋታዎቹ በሌላ ዲስክ ላይ ተጭነው ተቀምጠዋል፤ ሊኑክስ ዲስኩን ያነበዋል፤ ታዲያ ለምን እንደገና ይወርዳሉ? የእህቴ ልጅም እንዲሁ አሰበ። «አጫውት» ሲል ቁልፉ «በመሥራት ላይ» ይልና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ «አጫውት» ይሆናል። የስህተት መልእክት እንኳ የለም። ነገሩ የዊንዶውስ ዲስክ የሚዘጋጀው ኤንቲኤፍኤስ በሚባል አሠራር መሆኑ ነው። ጨዋታውን በሊኑክስ የሚያስነሳው ፕሮቶን ደግሞ በስማቸው ላይ ሁለት ነጥብ (:) ያለባቸው አቋራጮች ይፈጥራል፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ሁለት ነጥብን አይቀበልም። በዚያ ላይ ዊንዶውስ «ፈጣን አጀማመር» በርቶለት ከተዘጋ ዲስኩን በከፊል እንደያዘው ስለሚተኛ፣ ሊኑክስ ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ ላይችል ይችላል።

ዲስኩን ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ አሠራር አዘጋጁት። ይህ በላዩ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ጨዋታዎቹን አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ስቲም አዲሱን ዲስክ እንዲያውቀው ካደረጋችሁ በኋላ የጨዋታውን ፎልደር «ስቲምአፕስ» ውስጥ ካለው «ኮመን» ስር አስቀምጡና ጨዋታውን ጫን በሉ። ስቲም ፋይሎቹን አግኝቶ ይመረምራል፤ የጎደለ ካለ እሱን ብቻ ያወርዳል። ልጁ ሳምንት ይፈጃል ብሎ የፈራው ሥራ በአንድ ከሰዓት አለቀ።

እዚህ ከደረሳችሁ የቀረው ቀላል ነው። ስቲም ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራውንም ጨዋታ እንድትጭኑ ይፈቅዳል። ካልፈቀደ ቅንብሩ ውስጥ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ክፍል ከፍታችሁ ለሁሉም ጨዋታዎች አብሩት። ከውስጥ የሚሠራው የስቲም ባለቤት ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ፕሮቶን ነው። መሠረቱ ዋይን የተባለው እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ፕሮግራም ነው። ጨዋታው ዊንዶውስን የሚጠይቀውን ዋይን በሊኑክስ ይመልስለታል፤ ዳይሬክትስሪዲ በተባለው የዊንዶውስ የሥዕል ቋንቋ «ይህን ሳል» ብሎ የሚያዘውን ደግሞ እንደ ዲኤክስቪኬ ያሉ ክፍሎች ሊኑክስ ወደሚያውቀው ቩልካን ይተረጉማሉ። አሮጌ ካርድ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከፕሮቶን 8 ወዲህ ያሉት ቩልካን 1.3 ይፈልጋሉ፤ የኤንቪዲያ ኬፕለር ትውልድ ካርዶች ደግሞ እዚያ አይደርሱም። እንዲህ ያለ ካርድ ካላችሁ የጨዋታውን «ፕሮፐርቲስ» ከፍታችሁ ፕሮቶን 7ን ምረጡለት።

ጨዋታው ከመነሳቱ በፊት «የቩልካን ሼደሮችን በማዘጋጀት ላይ» የሚል መስመር ሲመጣ (ሼደር ካርዱ ምስሉን እንዴት እንደሚስል የሚነግረው ትንሽ ፕሮግራም ነው) ዝለል የሚለውን ቁልፍ አትንኩ። ዘለላችሁት ማለት ያንኑ ሥራ ውጊያ መሃል ስክሪኑ እየቆመ እየሄደ ታዩታላችሁ ማለት ነው።

አንድ የፕሮቶን ስሪት ካልሠራ ሌላ ሞክሩ፦ መጀመሪያ መደበኛውን፣ ቀጥሎ «ኤክስፔሪመንታል» የሚባለውን፣ ካልሆነም ከቫልቭ ውጭ የተዘጋጀውን ጂኢ ፕሮቶንን። የመጨረሻው የሚገኘው ፕሮቶንአፕ ኪውቲ በተባለ ፕሮግራም በኩል ነው፤ በተለይ በታሪኩ መሃል የሚታዩት ቪዲዮዎች አልከፈት ሲሉ ይጠቅማል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሦስት ነገር ለውጣችሁ ከሠራ የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም። አንዳንዴ ደግሞ ለሊኑክስ የተሠራው ስሪት ባለቤቱ ከረሳው ስለቆየ፣ በፕሮቶን የሚነሳው የዊንዶውሱ ስሪት ይሻላል። ለሊኑክስ የተሠራ ስለተባለ ብቻ አትመኑት።

ከአዲስ ስሪት ወደ አሮጌ ስትመለሱ ጨዋታው ሊናደድ ይችላል። ያኔ ብዙ ሰው የሚመክረው «ኮምፓትዳታ» (ፕሮቶን ለየጨዋታው የሚያስፈልገውን የሚያስቀምጥበት ቦታ) ውስጥ ያለውን የጨዋታውን ፎልደር ማጥፋት ነው። ስሙ ቁጥር ነው፤ ያው ቁጥር የጨዋታው የስቲም ገጽ አድራሻ ላይ ይገኛል። ምክሩ ይሠራል። እኔም ሰምቼ አጠፋሁ፤ የአርባ ሰዓት ጨዋታዬም አብሮ ጠፋ። ብዙ ጨዋታዎች የደረሳችሁበትን የሚያስቀምጡት እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው፤ የእኔው ደግሞ ስቲም ክላውድን (የደረሳችሁበትን በኢንተርኔት የሚያስቀምጠውን) የማይጠቀም ነበር። ስለዚህ ፎልደሩን አታጥፉት፤ ስሙን ብቻ ቀይሩት፤ መጨረሻው ላይ «አሮጌ» የምትል ቃል ጨምሩበት። ስቲም እንዳጣው ቆጥሮ አዲስ ይሠራል። ጨዋታው ሲነሳ ከአሮጌው ውስጥ የተጠቃሚውን ፎልደር ፈልጋችሁ የደረሳችሁበት የተቀመጠበትን ፋይል ወደ አዲሱ ገልብጡ።

የጨዋታ መቆጣጠሪያ እምብዛም አያስቸግርም። የኤክስቦክስን በገመድ ስትሰኩት ይሠራል፤ የፕሌይስቴሽን 5ን ደግሞ ከርነሉ ከ5.12 ጀምሮ ያውቀዋል። ከኤፒክ ወይም ከጂኦጂ የገዛችሁትን ሂሮይክ በተባለው ፕሮግራም ክፈቱ፤ ፕሮቶን የሚመረጥበት ቦታ እዚያም አለ። ሂሮይክም ለየጨዋታው የራሱን ፎልደር ስለሚሠራ፣ እዚያም ከማጥፋት በፊት ስሙን ቀይሩት።